ገብሱ ሽቅብ፣ ገበሬው ወዴት?

የሰሜን ጎንደር ደገኛ ስለ አየር ጠባይ ሲጠየቅ ስለ ሙቀት ብዙም አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ዝናቡ መግቢያና መውጫ ነው። ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል ይላል። የሜትሮሎጂ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ያን ያህል እንዳልቀነሰ ያሳያል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጣቢያው በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ይመዘግባል፤ ገበሬው የሚያየው ገብሱ ሲያሸት ውሃ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ነው።

መዘግየቱ በደጋ ሌላ ጣጣ አለው። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ፍሬው ሳይጠነክር የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል። ውርጭ የመታው ማሳ ከሩቅ ሲያዩት ቆሟል፤ ዛላውን በመዳፍ ሲያሹት ግን የሚቀረው ገለባ ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይመረጣል፣ ድንች ይተከላል፣ ዳገቱ በእርከን ይያዛል። ካልሆነም በግ ተሸጦ፣ ጎልማሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል።

ሌላው መንገድ ሽቅብ ነበር። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ገብስ 170 ሜትር ያህል ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። በሰሜን ተራሮች በነበረችው የግጭ መንደር 3,600 ሜትር ገደማ ድረስ ይታረስ ነበር። ከዚያ በላይ ግን ጓሳና ጅብራ፣ ዋልያውም አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ፤ የወጣውም በ2009 ነው። ከመውጣቱ በፊት የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ለዋልያው ደግ ሆነ፤ ለገበሬው ግን ሽቅብ የሚሸሽበት በር ተዘጋ። ይህን ሒሳብ ስለ ፓርኩ ስኬት የሚጻፉ ዘገባዎች አዘውትረው አያነሱትም።

ከተማው ከዚህ የራቀ አይምሰለው። ከጎንደር ዙሪያ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር አንገረብ ግድብን በደለል ሞልቶታል፤ የጎንደር ሰው ጀሪካን ይዞ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ2015 ክረምት ዝናቡ ሲቀር በሰሜን ጎንደር ጃን አሞራና በየዳ ወረዳዎች ሰብል ደረቀ፣ ከብት አለቀ። ያን ዓመት የዘር ምርጫውም እርከኑም አላዳነም። ከዚህ በኋላ ያለው፣ አነስተኛ መስኖ፣ የመኖ ክምችትና በወቅቱ የሚደርስ ዘር፣ የገበሬው ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም ዕዳ ነው።