በላስታ ደጋ ትልቅ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ አሠራርና አያያዝ

ዓሣ በኩሬ ሲረባ ገበሬው የሚያየው የውሃውን ፊት ብቻ ነው። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ዓሣው መብላቱን፣ መታመሙን ወይም አየር ማጠሩን ማወቅ ያዳግታል። በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በትምህርት ቤት የሚቆም ትልቅ የመስተዋት ገንዳ ይህን ሁሉ በግልጽ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በላሊበላና በአካባቢው ለሚገኙ የልማት ሠራተኞችና መምህራን ነው። ገንዳው ለማሳያ እንጂ ለማርቢያ አይሆንም፤ ዓሣ አርብቶ መሸጥ የሚፈልግ ገንዘቡን በኩሬ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

የመስተዋቱ ውፍረት

ገንዳ የሚፈነዳው ውሃ ስለበዛበት ብቻ ሳይሆን ውሃው ከፍ ስላለ ነው። ውሃ በግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከጥልቀቱ ጋር ይጨምራል። ርዝመቱ 2 ሜትር በሆነ ግድግዳ ላይ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በጠቅላላው ወደ 200 ኪሎ ግራም ክብደት በሚያህል ኃይል ይገፋል። ከፍታው እጥፍ ሆኖ 90 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ግን ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለት 800 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በቤተ ማርያም ግቢ ያለው ጥንታዊ ገንዳ ከአለት የተፈለፈለ በመሆኑ ከግድግዳው ጀርባ ተራራ አለው። ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ግን አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዳው ዝቅና ሰፋ ብሎ መሠራት ይኖርበታል። ኋላ እንደሚታየው ይህ ቅርጽ ለዓሣውም ይስማማል።

ለዚህ አካባቢ የምንመክረው ርዝመቱ 200፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውሃውም ከ45 ሳንቲ ሜትር የማያልፍ ገንዳ ነው። ለግድግዳ 10 ሚሊ ሜትር፣ ለወለል 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስተዋት ያስፈልጋል። ለመስኮት የሚሸጠው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር መስተዋት ተደራርቦም ቢሆን አያገለግልም። ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ወደ ውጭ እንዳይለጠጡ ከላይ በውስጥ ጠርዛቸው 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመስተዋት ቁራጭ በርዝመታቸው ይለጠፍባቸዋል፤ ከዚያም ሁለት አግዳሚ ቁራጮች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያያይዟቸዋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ይህን ድጋፍ መተው አይገባም።

መስተዋቱ በልክ ተቆርጦና ጠርዙ ተሞርዶ እንዲመጣ ማዘዝ ይሻላል። ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት በመውጣት በጋሸና በኩል ላሊበላ የሚደርሰው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። በመኪና ላይ መስተዋት በጠርዙ ቆሞ፣ በመካከሉ ገለባ ወይም ብርድ ልብስ ገብቶበት፣ እንዳይወዛወዝ ታስሮ ይጫናል። አጋድሞ የጫነ ሰው በራሱ ክብደት ሲሰበር ያገኘዋል።

ማጣበቅ

ማጣበቂያው ንጹሕ ሲሊኮን መሆን አለበት። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ ተከላካይ መድኃኒት ስላለበት ዓሣ ይገድላል። የሚጣበቀው ጠርዝ በአልኮል ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ በጣት አይነካም። (አረቄ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ውሃው ይበዛል።) ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች በወለሉ ላይ ይቆማሉ፤ አጫጭሮቹ በመካከላቸው ስለሚገቡ 57.6 ሳንቲ ሜትር ሆነው ይቆረጣሉ። በመጋጠሚያው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሊኮን መቅረት ይኖርበታል፤ አጥብቆ የጨመቀ ማጣበቂያውን አስወጥቶ ይጨርሰዋል።

ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው። የላስታ የበጋ አየር ደረቅ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ በመሆኑ አደራረቁ ይዘገያል። በክፍሉ ውስጥ በሳፋ ውሃ ማስቀመጥ፣ ገንዳውንም እስከ 10 ቀን ሳይነኩ መተው ይገባል። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ከሆነ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ መጠበቅ ነው።

መደቡ

መስተዋቱ፣ ውሃውና ጠጠሩ በአንድነት ወደ 7 ኩንታል ይመዝናሉ። የእንጨት ጠረጴዛ ይህን አይችልም፤ የጭቃ ወለልም ይሰምጣል። የአካባቢው ግንበኛ በድንጋይና በሲሚንቶ መደብ ይሥራ፤ በላዩ ኮምፔርሳቶ፣ ከዚያም ስስ ስፖንጅ ይነጠፍ። የመደቡ አራት ማዕዘን በውሃ ልክ ይለካ። ከሥር አንዲት ጠጠር ብትቀር ወለሉ ከዚያ ይሰነጠቃል። የቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አረንጓዴ አልጌ ያበዛልና አይመረጥ።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት ገንዳው በመጀመሪያ ሲሶው፣ በማግስቱ ግማሹ፣ ከዚያም ሙሉው ተሞልቶ ሦስት ቀን ይፈተን። የሚያንጠባጥብ ከተገኘ ውሃው ወጥቶ፣ አሮጌው ሲሊኮን በምላጭ ተፍቆ፣ እንደገና ይሠራል።

ውሃ፣ አየርና ዓሣ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቀው ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ገና አልተራቡም፤ ለዚህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በብርድ ጊዜም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በሁለት ወይም በሦስት ዓሣ ጀምሮ፣ መኖም አሳንሶ፣ በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ መለወጥ ይገባል።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ዳርቻ 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ወደ 6.7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በቆላ ለሚሠሩ ገንዳዎች የተጻፈው የዓሣ ብዛት ለላስታ የማይሆነው ስለዚህ ነው። አየር መንፊያ ሞተር መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የዓሣው ቁጥር መወሰን ያለበት መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ተለክቶ ነው። በዚህ ገንዳ ጣት የሚያህሉ ዓሦች ከ10 ባይበልጡ ይመረጣል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ከታዩ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ያድናቸዋል። ገንዳው ሰፊ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አየር የሚገባው በውሃው ፊት ነውና።

ስለ ዓሣው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ሐይቅ ተወስዶ በዚያ ተራብቷል። ሐይቅ ግን ከላሊበላ ዝቅ ያለና የሞቀ ነው። ቆሮሶ ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲሆን መኖ ይተዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ይሞታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ላይ ማሞቂያ የማይኖረው ማዕከል ብርድ የሚችለውን ካርፕ ይምረጥ። ጫጩት ለማግኘት የሰበታን ወይም የባሕር ዳርን የዓሣ ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል።

ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ ውሃ የሚያደፈርስና የሌላውን ዓሣ መኖሪያ የሚያበላሽ ነው። ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ተራሮች በመሆኑ ከገንዳው የተረፈ ዓሣ በምንም ምክንያት ወደ ወንዝ ወይም ወደ ምንጭ አይለቀቅ፤ መውጫ በሌለው ኩሬ ይቀመጥ፣ አለዚያም ይበላ።