ጀርባችሁን ለበሩ አትስጡ፦ የቤት ውስጥ ቢሮን በፌንግ ሹይና በቀለም ማደስ

ሮም ውስጥ ያለን አብዛኞቻችን «ቢሮ» የምንለው ነገር የወጥ ቤት ጠረጴዛ ጥግ ነው። ጠዋት ቁርስ ይበላበታል፣ ከሰዓት ልጆች የቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል፣ ማታ ሳህኑ ሲነሳ ደግሞ የመብራቱ ቦሌታ፣ የኮንዶሚኒዮው ደብዳቤ፣ የፔርሜሶው ፎቶኮፒ ይዘረገፍበታል። ማርች 2020 ጣሊያን በኮሮና ስትዘጋ ደግሞ ትምህርት ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ የልጆች ጨዋታውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ያ ጊዜ አልፏል፤ ጠረጴዛው ላይ የወጣው ሥራ ግን አልወረደም። «ስማርት ወርኪንግ» የሚሉት አሠራር እንዲያውም ጣሊያን ውስጥ ሕግ የወጣለት ከኮሮና በፊት፣ በ2017 ነው።

እኔ ያለኝ ምግብ ቤት ነው። ሰው የሚያየው ወጡንና እንጀራውን ነው እንጂ ግማሹ ሥራ ወረቀት ነው፦ ፋቱራ፣ የሠራተኛ ደሞዝ፣ ለኮመርቻሊስታ የሚላክ ዶሴ። ይህንን የምሠራው ቤቴ፣ ሌሊት ነው። ስለዚህ የጠረጴዛ ነገር ያሳስበኛል።

ፌንግ ሹይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢ የቻይና ሱቆች መስኮት ላይ የተደረደረውን ወርቃማ እንቁራሪትና እጇን የምታወዛውዘውን ድመት ነው። (ድመቷ እንኳ በነገራችን ላይ የጃፓን ናት።) ኤስኩዊሊኖ ገበያ ቅመም ልንገዛ ስንሄድ እናልፋቸዋለን። ነገሩ ግን ከዕቃ ሽያጭ ይሰፋል። ፌንግ ማለት ነፋስ፣ ሹይ ማለት ውሃ ነው። «ቺ» የሚሉት የሕይወት እስትንፋስ በነፋስ ይበተናል፣ ውሃ ጋ ሲደርስ ይቆማል ይላሉ፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ጥንት ዋናው ጉዳይ የመቃብር ቦታ መምረጥ ነበር፤ ጉዎ ፑ ለሚባል ሊቅ የሚሰጠው የቆየ መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ ስለ ቀብር ነው። ከዚያ ወደ መኖሪያ ቤት፣ ኋላም ወደ ባንክ ገባ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ1985 የተጠናቀቀው የኤችኤስቢሲ ባንክ ዋና ሕንጻ ሲሠራ የፌንግ ሹይ አዋቂ ተማክሯል።

ጣሊያኖችም ነገሩን ከሰሙት ቆይተዋል። በ1552 ማቼራታ የተወለደው፣ እዚሁ ሮም የተማረውና በ1610 ቤጂንግ ያረፈው ኢየሱሳዊው ካህን ማቴዮ ሪቺ ቻይናውያን ቤት ለመሥራት ሲያስቡ መሬቱ ውስጥ የዘንዶ ራስና ጅራት እንደሚፈልጉ በመገረም ጽፏል። እሱ አልተዋጠለትም።

ለእኔም ሁሉም አልተዋጠልኝም። «ይሄ ሟርት አይደለም ወይ?» ብላ የጠየቀችኝ ደንበኛ አለች። መልሴ አጭር ነው፦ ገንዘብ ያመጣል የተባለ እንቁራሪት አልገዛሁም፣ አዋቂ ነኝ ለሚል ሰውም አልከፈልኩም፣ እናንተም አትክፈሉ። የወሰድኩት ጠረጴዛው የት ይቀመጥ፣ አየር በየት ይግባ፣ ግድግዳው ምን ይቀባ የሚለውን ብቻ ነው። ይሄን ደግሞ የእናቶቻችን ቤትም ያውቀዋል። ምድጃው የት እንደሚሆን፣ መደቡ የትኛውን ግድግዳ እንደሚጠጋ፣ ጓዳው ከእንግዳ ዓይን እንዴት እንደሚከለል ከቻይና መጥቶ ያስተማራቸው የለም።

ጀርባ ለግድግዳ፣ ዓይን ለበር

የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፦ ስትቀመጡ ከጀርባችሁ ግድግዳ ይኑር፣ በሩ ይታያችሁ፣ ግን ከበሩ ትይዩ ቀጥ ብላችሁ አትቀመጡ። የአዛዥ ቦታ ይሉታል። እዚህ ላይ እኔ መጽሐፍ አያስፈልገኝም፣ ምግብ ቤቴ ምስክሬ ነው። አዳራሹ ባዶ ሆኖ የገባ ሰው የቱን ጠረጴዛ ይመርጣል? የጥጉን። መጨረሻ የሚያዘው ምንጊዜም ለበሩ ጀርባ የሚሰጠው ወንበር ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ደጋግሞ ይዞራል፣ ቶሎ በልቶ ይነሳል። ጣሊያን ይሁን፣ ሐበሻ ይሁን፣ ቱሪስት ይሁን ልዩነት አላየሁም። ከኋላው ሰው የሚመላለስበት ሰው ሐሳቡ አይሰበሰብለትም። ሂሳብ ስትደምሩም፣ ልጃችሁ ማባዛት ሲለማመድም ያው ነው።

«ሁለት ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን እየኖርን ምን ቦታ እንመርጣለን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ብዙ ጊዜ ጠረጴዛውን ሳትነኩ ወንበሩን ከዚህ ጎን ወደዚያ ጎን ማዞር ይበቃል። እሱም ካልሆነ ትንሽ መስታወት ከፊታችሁ አቁሙ ይላሉ፣ ከኋላ የሚመጣው እንዲታያችሁ። የታክሲ ሹፌር የሚያደርገውን ማለት ነው።

መስኮቱ በጎን በኩል ይሁን። ከኋላ ከሆነ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ ከፊት ከሆነ ዓይን ያደክማል። የጣሊያን የሥራ ደኅንነት ሕግም፣ የ2008ቱ ቁጥር 81፣ ከስክሪን ጋር ለሚሠሩ ሰዎች ልክ አስቀምጧል፦ ስክሪኑ ከዓይን ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትንሽ ዝቅ ይበል፣ የጠረጴዛው ከፍታ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በየሁለት ሰዓቱም 15 ደቂቃ ዕረፍት። ይሄ ለተቀጣሪ ሠራተኛ የተጻፈ ነው፤ ቤት ውስጥ ለራሱ የሚሠራ ሰው ዓይን ግን ከሌላው ዓይን አይለይም።

ስለ አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ ሮም የራሷ ሊቅ አላት። ቪትሩቪዮ የሚባለው አርክቴክት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው መቶ ዓመት፣ መኝታ ቤትና የመጻሕፍት ክፍል ወደ ምሥራቅ ይዩ ብሎ ጽፏል። ምክንያቱ የጠዋት ብርሃን ነው፤ በዚያ ላይ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ያየ ክፍል እርጥብ ነፋስ እየገባበት መጻሕፍቱ ይሻግታሉ፣ ብል ይበላቸዋል ይላል። የሠዓሊ ክፍል ግን ወደ ሰሜን ይሁን፤ እዚያ ብርሃኑ ስለማይለዋወጥ ቀለም እንዳለ ይታያል። የቤተ ክርስቲያኑን መቅደስ ወደ ምሥራቅ አድርጎ ለሚሠራ ሕዝብ ልጆች ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነፋስን በተመለከተማ ከእኛ በላይ አዋቂ የለም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ጣሊያኖችም «ኮልፖ ዳሪያ» እያሉ በግንቦትም አንገታቸውን ይጠቀልላሉ። በዚህ እንግባባለን። ችግሩ ነፋስ ፈርተን ብርዱን ወር ሙሉ ዘግተን እንቀመጣለን፤ ወጥ እናንተከትካለን፣ ልብስ ውስጥ እናሰጣለን፣ ከዚያ ጥጉ ላይ ሙፋ ይወጣል። ሙፋ ላይ ቀለም መደረብ ገንዘብ መጣል ነው፣ ዞሮ ይወጣል። መጀመሪያ በቫሬኪና ይታጠብ (ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አታደባልቁ፣ መርዝ ነው)፣ በደንብ ይድረቅ። በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስትና ለአሥር ደቂቃ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ጠረጴዛውንም ከውጪው ግድግዳ አራት ጣት ያህል አርቁት፣ አየር ይለፍበት።

ቀዩን አምጪልኝ

ፌንግ ሹይ የተከማቸ ነገር ቺ ያቆማል ይላል። ቺውን እንጃ፣ እኔ የማውቀው ፔርሜሶ እንደሚያቆም ነው። ሕጉ ፔርሜሶ ከማለቁ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ የዕድሳት ጥያቄ ይቅረብ ይላል። ንግድ ያለን ሰዎች የሂሳብ መዝገብና ፋቱራ 10 ዓመት ማስቀመጥ አለብን። አንድ የማውቀው ሰው የሥራ ኮንትራቱን ሦስት ቀን ፈልጎ ያገኘው ፍሪጅ ላይ፣ ከፒዛ ማስታወቂያ ሥር ነው። ቀጠሮው በአራተኛው ቀን ነበር። ሚስቱ እስከዛሬ ታወራዋለች፤ እሱ አይስቅም።

እዚህ ላይ ነው ቀለም የመጀመሪያ ሥራውን የሚሠራው፣ ግድግዳው ከመነካቱ በፊት። አራት አቃፊ ግዙ። ቀዩ ቀን የተቆረጠለት ነገር ሁሉ ይግባበት፦ ፔርሜሶ፣ ቀጠሮ፣ የሚከፈል። አረንጓዴው የልጆች ትምህርትና ጤና። ቢጫው የቤት፦ ኪራይ፣ ኮንዶሚኒዮ፣ ቦሌታ። ሰማያዊው የሥራና የግብር። ቀዩ ላይ የሚያልቅበትን ቀን በትልቁ ጻፉ። ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? ገና ማንበብ የማትችል ልጅ እንኳ «ቀዩን አምጪልኝ» ስትባል ታመጣለች።

ልጆች ቀለም ላይ ከገቡ አይቀር፣ የቻይናዎቹን አምስት ነገሮች አጫውቷቸው። እንጨት አረንጓዴ ነው፣ እሳት ቀይ፣ አፈር ቢጫ፣ ብረት ነጭ፣ ውሃ ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ። እንጨት እሳትን ይመግባል፣ እሳት አመድ ሆኖ አፈር ይወልዳል፣ ከአፈር ብረት ይወጣል፣ ብረት ውሃ ይሰበስባል፣ ውሃ እንጨትን ያበቅላል። ክቡ ተዘጋ። አንዱን ስትጠሩ ቀጣዩን ይናገሩ፤ ከዚያ በስልካችሁ ኮምፓስ የቤታችሁን ምሥራቅ ይፈልጉ።

ለሥራ የቱ ቀለም ይሻላል? በ2009 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት ቀይ ለጥንቃቄ ሥራ፣ ሰማያዊ ለፈጠራ ሥራ ያግዛል ብሎ ነበር፤ በኋላ የደገሙት ሰዎች ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ በቀለም ጎበዝ ተማሪ ይሆናል ያላችሁን ሰው አትመኑ። እርግጡ የብርሃን ነገር ነው። ነጭና ፈዛዛ ቀለም ብርሃን ይመልሳል፣ ጥቁርና ደማቅ ይውጣል። ወደ ኮርቲሌ የሚያይ ጨለማ ክፍል ያላችሁ፣ ሞቅ ያለ ፈዛዛ ቢጫ፣ የአደይ አበባ ሳይሆን የቅቤ ዓይነቱን፣ ሞክሩ። ፀሐይ የሚመታው የደቡብ ክፍል ፈዛዛ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይችላል። እኔ ከፊቴ ያለውን ግድግዳ ብቻ የደረቀ ቄጠማ በሚመስል አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ። ሌላው ነጭ ነው። ቀይ ግድግዳ ለምግብ ቤት ተዉልን።

ወጪው ብዙ አይደለም። ሦስት ሜትር በሦስት የሆነ፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ70 የሆነ ክፍል አንድ ግድግዳው 8 ካሬ ገደማ ነው። አንድ ሊትር የግድግዳ ቀለም በአንድ ቅብ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ሁለት ጊዜ ለመቀባት ሁለት ሊትር ይበቃችኋል። ክፍሉን በሙሉ ከሆነ በርና መስኮቱ ተቀንሶ ስድስት ሊትር ያዙ። ኪራይ ቤት ያላችሁ አስቀድማችሁ ኮንትራቱን አንብቡ፣ ባለቤቱንም በጽሑፍ አስፈቅዱ፣ በዋትስአፕም ቢሆን። እምቢ ካለ አንድ ትልቅ ካርቶን ወይም ስስ ጣውላ ቀብታችሁ ከጠረጴዛው ፊት አቁሙ፣ ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ቀለሙን ከፌራሜንታው ካታሎግ ላይ ብቻ አይታችሁ አትምረጡ። ትንሹን ቆርቆሮ ግዙና ካርቶን ላይ ቀብታችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ጠዋት እዩት፣ ቀትር ላይ እዩት፣ ከሁሉ በላይ ግን ማታ በአምፖሉ ብርሃን እዩት፤ ቦሌታውን የምትከፍቱት ያን ጊዜ ነውና።