ለአነስተኛ ድርጅት በዝቅተኛ ወጪ የኢሜይል አስተላላፊ ሰርቨር ስለ ማቋቋም

የዛሬው ርዕሴ ትንሽ ቢመስልም የብዙ አነስተኛ ድርጅቶችን ገበያ የሚነካ ነው። ከድርጅቱ የሚወጡ የኢሜይል መልእክቶችን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚያሳልፈውን፣ በሙያው አጠራር ሪሌይ የሚባለውን አስተላላፊ ሰርቨር በዝቅተኛ ወጪ እንዴት እንደምናቋቁም አስረዳለሁ።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ያሉት ማተሚያ ቤት አለ እንበል። የሒሳብ ሶፍትዌሩ የክፍያ መጠየቂያ ይልካል፤ ስካነሩ ሰነድ ይልካል፤ የሽያጭ ክፍሉ ፕሮፎርማ ይልካል። ሁሉም በየራሳቸው መንገድና በየራሳቸው የይለፍ ቃል ይልካሉ። የፕሮፎርማው ቀነ ገደብ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሠራተኛዋ ረቡዕ ጠዋት ላከች፤ ስክሪኑም «ተልኳል» አላት። መልእክቱ ግን ወይ ከመንገድ ቀርቷል፣ ወይም ገዢው ዘንድ የአይፈለጌ መልእክት ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ድርጅቱ በዋጋ ሳይበለጥ ሥራውን አጣ ማለት ነው።

መድኃኒቱን ለመረዳት የመሥሪያ ቤቶቻችንን መዝገብ ቤት ማሰብ ይበቃል። ወጪ ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያ ይላካል። አስተላላፊ ሰርቨርም የድርጅቱ የኢሜይል መዝገብ ቤት ነው። መውጫው አንድ ሲሆን ቁጥጥሩም አንድ ይሆናል።

ይህ ቁጥጥር ለምን አስፈለገ? ኢሜይል የሚጓዝበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ስምምነት በጆን ፖስቴል ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ዓላማው መልእክትን ማድረስ ነበር፤ ላኪው በእርግጥ ያ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥበት ሥርዓት አልነበረውም። ማንም በማንም ስም መጻፍ ይችል ነበር። ዛሬ ተቀባዮቹ ሰርቨሮች ላኪውን የሚጠራጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ የሥራችን ዋና ወጪ የኮምፒውተሩ ዋጋ አይደለም፤ መታመንን ለማግኘትና ለመጠበቅ የምንከፍለው ትጋት ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው፣ ከአገልግሎት ውጭ የተቀመጠ ኮምፒውተር ለዚህ ድርጅት ይበቃል። ዴቢያን ሊኑክስና ፖስትፊክስ የተባለው የመልእክት ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አነስተኛ ዩፒኤስ መጨመር ግድ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ፣ ይህ ሰርቨር መልእክቱን በቀጥታ ለየተቀባዩ ያድርስ ወይስ በሌላ በኩል ይላክ የሚል ነው። የእኔ ምክር ሁለተኛው ነው። በቀጥታ ለማድረስ ፖርት 25 ወደ ውጭ ክፍት መሆን፣ አይፒ አድራሻው የማይለዋወጥና ወደ ስሙ መልሶ የሚያመለክት መሆን አለበት፤ በቢሮ ኢንተርኔት ላይ እነዚህ ሁሉ ተሟልተው አይገኙም። ስለዚህ በፖስትፊክስ ቅንብር ሪሌይሆስት በተባለው መስመር ላይ፣ ድርጅቱ ዶሜኑን ያስቀመጠበት አገልግሎት ሰጪ የሚሰጠውን የመላኪያ ሰርቨር እናስገባለን፤ በፖርት 587፣ በይለፍ ቃልና በምስጠራ እንገናኛለን። የይለፍ ቃሉ ከዚህ በኋላ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይቀመጣል። በቀን ስንት መልእክት እንደሚፈቀድ አገልግሎት ሰጪውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ሥራ በዶሜኑ ዲኤንኤስ ላይ ሦስት መዝገቦችን ማስፈር ነው። ኤስፒኤፍ እንደ ውክልና ነው፤ በድርጅቱ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ለአንድ ዶሜን አንድ የኤስፒኤፍ መዝገብ ብቻ ይፈቀዳል፤ ሁለት ከተጻፈ ውክልናው ፈራሽ ይሆናል። ዲኪም ማኅተም ነው፤ መልእክቱ በምስጢር ቁልፍ ይፈረማል፣ ተቀባዩም በዲኤንኤስ ላይ በተለጠፈው ይፋዊ ቁልፍ ፊርማውን ያረጋግጣል። ዲማርክ ደግሞ መመሪያ ነው፤ ፈተናውን ያላለፈ መልእክት ዝም ተብሎ ይታለፍ፣ ለብቻ ይቀመጥ ወይስ ይመለስ የሚለውን ለተቀባዩ ይነግራል። በመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ሪፖርቱን እያነበቡ ማጥበቅ ጥሩ ነው። ጎግል ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ጂሜይል ከሚልክ ሰው ሁሉ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱን፣ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ከሚልኩት ደግሞ ሦስቱንም ይጠይቃል። ማተሚያ ቤታችን ያን ያህል ባይልክም ሦስቱን ቢያሟላ የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ የለም።

አራተኛው በር መዝጋት ነው። ለማያውቀው ሰው ሁሉ የሚያስተላልፍ ሰርቨር የአጭበርባሪዎች መሣሪያ ይሆናል፤ የድርጅቱም ስም በጥቁር መዝገብ ይሰፍራል። ማይኔትወርክስ በተባለው መስመር ላይ የቢሮውን ኔትወርክ በሙሉ ሳይሆን፣ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን መሣሪያዎች አድራሻ ብቻ ጻፉ፤ በፋየርዎሉም ከውጭ ወደ ሰርቨሩ የሚመጣውን ግንኙነት ዝጉ። ከዚያም ከቢሮው ውጭ ሆናችሁ ለመገናኘት ሞክሩ፤ መልስ ማግኘት የለባችሁም። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንድ መሣሪያ በተወሰነ ጊዜ ስንት መልእክት መላክ እንደሚችል የሚገድበው የፖስትፊክስ ቅንብር፣ ካልተለወጠ በቀር፣ በማይኔትወርክስ የተጻፉትን ነፃ ያደርጋቸዋል። ቫይረስ የገባበት የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር በአንድ ሌሊት ስማችሁን እንዳያጠፋ ይህን ነፃነት አንሡት።

አሁን ወደ ሠራተኛዋ «ተልኳል» እንመለስ። አንድ ሰርቨር መልእክት ሲረከብ 250 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ትርጉሙ «ኃላፊነቱን ተረክቤያለሁ» ማለት እንጂ «ተነቧል» ማለት አይደለም፤ ደብዳቤ አመላላሹ በመዝገቡ ላይ ያስፈረመው የተቋሙን መዝገብ ቤት ሠራተኛ እንጂ ኃላፊውን እንዳልሆነ ሁሉ። ኔትወርክ ሲቋረጥ አስተላላፊው መልእክቱን በወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው። ነገር ግን ፖስትፊክስ እንደ ተጫነ ከተተወ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሞክራል፤ መዘግየቱንም ለላኪው አያስታውቅም። ለነገ ለሚዘጋ ፕሮፎርማ ይህ ዝምታ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የመዘግየት ማስታወቂያው ከ1 ሰዓት በኋላ እንዲደርስ፣ የወረፋው ዕድሜም ወደ 1 ቀን እንዲያጥር አድርጉ። ሠራተኛዋ በጊዜ ካወቀች ስልክ ትደውላለች፣ ወይም ፕሮፎርማውን አሽጋ በእጅ ታደርሳለች።

በመጨረሻም፣ መዝገብ ቤት ያለ መዝገብ ያዥ አይሠራም። ሎጉን በየጠዋቱ የሚያነብ፣ ወረፋውን የሚያይ፣ የሶፍትዌሩን ማሻሻያ የሚጭን አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ በቀን ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ይህን ሰው መመደብ የማይችል ድርጅት ሰርቨሩን ባያቋቁም ይሻለዋል፤ ሙሉውን አገልግሎት ከሰጪው ይግዛ። መመደብ የሚችል ግን ከአሮጌ ኮምፒውተር ብዙም በማይበልጥ ወጪ ቃሉ የሚታመን ድርጅት ይሆናል።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።