በየኔታና በ«ቲኬ» መካከል፦ የሕፃናት አስተዳደግ በኖርዝ ሆሊውድ

በካሊፎርኒያዋ ኖርዝ ሆሊውድ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ ገና በአራት ዓመቱ ብዙ አስተማሪ አለው። ቤት ውስጥ እናትና አባቱ፣ አንዳንዴም ከአገር ቤት የመጡ አያቱ ያሳድጉታል። በሥራ ቀን የዴይኬር ወይም የትምህርት ቤት መምህርት ትረከበዋለች። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሀሁ ይቆጥራል። እነዚህ ሁሉ ለልጁ ደግ ያስባሉ፤ ስለ ልጅ ያላቸው እምነት ግን ይለያያል። በአንዱ ዘንድ አንገቱን ደፍቶ ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ነው፤ በሌላው ዘንድ ያው ዝምታ «ችግር ይኖርበት ይሆን?» ያሰኛል።

የአስተዳደግ ጥናት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የዳያና ባውምሪንድ ስም ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ትሠራ የነበረችው ይህች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችንና ወላጆቻቸውን አጥንታ ሦስት ዓይነት አስተዳደግ ለየች። የመጀመሪያው ሕግ ያወጣል፣ ምክንያቱንም ያስረዳል። ሁለተኛው «ስላልኩ ነው!» ብሎ ይዘጋል። ሦስተኛው ፍቅር አያጣም፤ ሕግ ግን የለውም። በ1983 ኤሊኖር ማኮቢና ጆን ማርቲን አራተኛ ጨመሩ፦ ፍቅርም ሕግም የሌለበት ቸልተኝነት። በራስ በመተማመንም ራስን በመግዛትም ልቀው የተገኙት ባብዛኛው በመጀመሪያው መንገድ ያደጉት ናቸው።

ባውምሪንድ ያጠናቻቸው ልጆች ግን በአብዛኛው መካከለኛ ገቢ ካላቸው ነጭ ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ። በ1994 ሩት ቻኦ የቻይና ስደተኛ እናቶችን አጥንታ፣ ለአሜሪካዊ ዓይን ጭካኔ የሚመስለው ቁጥጥር በእነዚያ ቤቶች የእንክብካቤ ምልክት መሆኑን አሳየች። «እንግዳ ሲመጣ ተነሥ፣ ታላቅህን አክብር» እያለ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ አባትም ከዚህ ሐሳብ ሩቅ አይደለም። ጥብቅነትና ጭካኔ አንድ አይደሉም።

ዱላ ግን ሌላ ነው።

መቆንጠጥ፣ ማንበርከክ፣ በአለንጋ መግረፍ፣ በርበሬ ማጠን፦ ብዙ ወላጆች ራሳቸው ያለፉበት ቅጣት ነው፤ «ሰው ያደረገን እሱ ነው» የሚሉም አሉ። በ2016 ኤሊዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮገን ኬይለር ከ160 ሺህ በላይ ሕፃናትን የሚመለከቱ 75 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ልጅን መምታት ከጠበኝነት፣ ከአእምሮ ጤና ችግርና ከሻከረ የወላጅና የልጅ ግንኙነት ጋር ተያይዞ አገኙት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 ወላጆች ጨርሶ እንዳይመቱ መከረ። ምክሩ ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያዎች አካላዊ ቅጣትን ይከለክላል። በካሊፎርኒያ ደግሞ መምህራንና ሐኪሞች ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው።

ዱላ ከቀረ ምን ይተካው? ከጥናቶቹ ብዙዎቹ ወደ ጭውውት ያመለክታሉ። ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪዝሊ በካንሳስ 42 ቤተሰቦችን ተከታትለው በ1995 ያሳተሙት ሥራ፣ የድሃና የባለጸጋ ልጆች እስከ አራት ዓመታቸው በሚሰሙት ቃል ብዛት 30 ሚሊዮን ያህል ይበላለጣሉ ብሎ ነበር። ቁጥሩ በኋላ ብዙ ክርክር አስነሣ። በ2018 ሬቸል ሮሜዮና ባልደረቦቿ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች አጥንተው፣ ከሚሰማው ቃል ብዛት ይልቅ በልጁና በአዋቂው መካከል ያለው የንግግር መቀባበል ከአእምሮ የቋንቋ ክፍል እንቅስቃሴ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አገኙ።

ይህ መቀባበል በአማርኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። «እንቆቅልሽ» ሲባል ልጁ «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል፤ ቀጥሎ ጠያቂው እሱ ይሆናል። «ተረት ተረት» ሲባልም «የላም በረት» ካላለ ተረቱ አይጀመርም። አባባ ተስፋዬ ለአሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ያቀረቡት በተረት ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የአሻንጉሊቷ ቀጭኔ ፕሮግራም ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ያዘጋጁት ነው። ይሁን እንጂ ስክሪን መልሶ አያነጋግርም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ ብዙ የሚጠቀሰው ማስረጃ በሚሺጋን የተካሄደው የፔሪ ጥናት ነው። በ1960ዎቹ ከ123 ድሃ ጥቁር ሕፃናት መካከል በዕጣ ቅድመ ትምህርት የደረሳቸው፣ በ40 ዓመታቸው ካልደረሳቸው የተሻለ ገቢ ነበራቸው፤ የታሰሩበትም ጊዜ ያነሰ ነበር። በኢትዮጵያም ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና ከተማ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት የገቡ ልጆች ካልገቡት የተሻለ የአእምሮ ፈተና ውጤት እንዳመጡ አሳይተዋል። ሁሉም ቅድመ ትምህርት ግን እኩል አይደለም። በቴነሲ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን የተከታተለ ጥናት በ2022 ባወጣው ውጤት፣ የግዛቱን ቅድመ ትምህርት የተማሩት ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ካልተማሩት ዝቅ ብለው ተገኙ። ወሳኙ ክፍል መግባቱ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ነው።

የድሮው የቄስ ትምህርት ቤትም እዚህ ላይ ቦታ አለው። በየኔታ ዘንድ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቆጥራል፤ ፊደል የለየ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚሻገረው በራሱ ፍጥነት ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው ቤትም ልጆች በዕድሜ ተቀላቅለው በየፍጥነታቸው ይማሩ ነበር። ልዩነቱ በሞንቴሶሪ ቤት ልጁ ሥራውን ራሱ መምረጡ፣ በየኔታ ዘንድ ደግሞ የቃል ጥናትና አለንጋ መኖራቸው ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ትምህርትም አይናቅ። የካሊፎርኒያዋ ተመራማሪ ባርባራ ሮጎፍ ለዓመታት ያጠናችው በጓቲማላና በሜክሲኮ የትልልቆቹን ሥራ እያዩና እየተሳተፉ የሚያድጉ ልጆችን ነው፤ ለሌላ ሰው የሚሰጠውን ትምህርት እንኳ በትኩረት ይከታተላሉ። ቡና ሲፈላ ሲኒ የሚያቀብል፣ ፈንድሻ የሚያድል፣ ለእንግዳ እጅ የሚያስታጥብ ልጅም የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው። ከኖርዝ ሆሊውድ ተራራውን ተሻግሮ፣ ከ2002 ጀምሮ ሊትል ኢትዮጵያ በተባለው የፌርፋክስ ጎዳና ከወላጆቹ ጋር ገበታ የሚቀርብ ልጅ ይህንኑ ያያል።

ብዙ ወላጆች «እንግሊዝኛው ይዘገይበታል» ብለው አማርኛን ከቤት ያስወጣሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ መዘግየት አያመጣም፤ የልጁ ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ሲቆጠሩ ከእኩዮቹ አያንሱም። ካሊፎርኒያም በ2011 በወጣ ሕግ መሠረት ሁለት ቋንቋ ይዘው ሁለተኛ ደረጃ ለሚያጠናቅቁ ተማሪዎች የዕውቅና ማኅተም ትሰጣለች።

ስለዚህ የኖርዝ ሆሊውድ ወላጅ ከአገሩ ይዞት ከመጣው ሊጥል የሚገባው ዱላውን ነው፤ እንቆቅልሹን፣ ክብሩንና ቋንቋውን ይያዝ። ከትምህርት ቤት ሊያገኝ የሚችለውም ቅርብ ነው፦ ከ2025–26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር 1 አራት ዓመት የሞላው ማንኛውም የካሊፎርኒያ ልጅ በተለምዶ «ቲኬ» ወደሚባለው የቅድመ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል በነፃ መግባት ይችላል። የቤተሰቡ ገቢም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ለምዝገባው የዕድሜ ማስረጃ፣ የክትባት ካርድና የአድራሻ ማረጋገጫ ይያዙ።