ጡንቻን ጡንቻ የሚያደርጉት ፕሮቲኖች

የጡንቻም ሆነ የጉበት ህዋስ የተሸከመው ዲኤንኤ አንድ ነው። የሚለያያቸው የትኛው ጂን እንደሚሠራና የትኛው ዝም እንደሚል ነው። ይህን በዋናነት የሚወስኑት ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉት፣ ዲኤንኤ ላይ እያረፉ ጂኖችን የሚያሠሩ ወይም የሚያግዱ ፕሮቲኖች ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ዴቪስ፣ ሃሮልድ ዋይንትራውብና አንድሩ ላሳር ሲያትል ውስጥ ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን የሚያሠራ ማዮዲ የተባለ ጂን ለዩ። ከአይጥ ጽንስ በመጡ፣ ጡንቻ ባልሆኑ ህዋሶች ውስጥ ሲያስገቡት ህዋሶቹ ወደ ጡንቻነት ተለወጡ። አንድ ጂን ብቻውን የህዋስን ማንነት መቀየሩ እስካሁን ያስደንቀኛል። ብዙም ሳይቆይ ማይፍ5፣ ማዮጀኒንና ኤምአርኤፍ4 የተባሉ ዘመዶቹ ተገኙ።

ሆኖም ማዮዲን ብቸኛ አዛዥ ማድረግ ስህተት ነው። ኢ-ቦክስ በሚባለው ባለ ስድስት ፊደል የዲኤንኤ ቦታ ላይ አጥብቆ የሚያርፈው ኢ-ፕሮቲን ከሚባል አጋር ጋር ተጣምሮ ነው። ገና በመባዛት ላይ ባለ ህዋስ ውስጥ አይዲ የተባለው ፕሮቲን ያን አጋር ቀድሞ ይይዝበታል፤ አይዲ ራሱ ዲኤንኤ የሚይዝበት ክፍል ስለሌለው ጥምረቱ ጂን ላይ ማረፍ አይችልም። የእድገት መልእክት ሲቀንስ አይዲ ይመናመናል፣ ማዮዲ አጋሩን ያገኛል፣ ማዮጀኒን ይነሳል። ሜፍ2 የተባለው የፕሮቲኖች ቤተሰብም ያግዛቸዋል። ፒ300 የተባለው ኤንዛይም ደግሞ ዲኤንኤው በተጠቀለለባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ላይ አሲቲል የተባለ ኬሚካል እየለጠፈ ጥቅልሉን ያላላዋል። ይህ ካልሆነ ተጠቅልሎ የተዘጋ ጂን በቀላሉ አይነበብም።

የሥራ ክፍፍሉን በግልጽ ያሳዩት አንዳንድ ጂን እንዲጎድላቸው የተደረጉ አይጦች ናቸው። ማዮዲ የሌላቸው ጡንቻ ኖሯቸው ይወለዳሉ፤ ማይፍ5 ክፍተቱን ይሸፍናል። ሁለቱም በጎደሉበት በ1993ቱ ሙከራ ግን አጥንት የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ጨርሶ አልተሠራም። ማዮጀኒን ሲጎድል የጡንቻ ጀማሪ ህዋሶች አሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ተዋህደው ቃጫ አይሆኑም፣ ግልገሎቹም ሲወለዱ ይሞታሉ።

በአዋቂ ጡንቻ ጉዳት ሲደርስ፣ አሌክሳንደር ማውሮ በ1961 የገለጻቸው ሳተላይት ህዋሶች ይነቃሉ። ፓክስ7 የተባለው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር በተጠባባቂነት ያቆያቸዋል፤ ሲነቁ ማዮዲ ይነሳል።

ለሕክምናው ዓለም ትልቁ ጥያቄ ራብዶማዮሳርኮማ ነው። ይህ በአብዛኛው ሕፃናትን የሚያጠቃ ካንሰር ሲሆን፣ ሐኪሞች ከሚለዩባቸው መንገዶች አንዱም እጢው ውስጥ ማዮዲን ማግኘት ነው። ማዮዲ እያለ ህዋሶቹ መባዛታቸውን አያቆሙም፣ ጡንቻም አይሆኑም፤ አንዱ ምክንያት አጋሮቹን በአግባቡ አለማግኘቱ ሳይሆን አይቀርም።