ያውቁ ኖሯል? ኮማንድ ፕሮምፕት የሚከፈትበትን ፎልደር ማን ነው የሚወስንለት?

ኮማንድ ፕሮምፕት የምንለው ጥቁር መስኮት ሲከፈት የሚቆምበትን ፎልደር ራሱ እንደማይመርጥ ያውቁ ኖሯል? ቦታውን የሚያወርሰው የከፈተው ፕሮግራም ነው። ከስታርት ሜኑ ሲከፍቱት ሾርትከቱ ይነግረዋል፤ ከፋይል ኤክስፕሎረር ሲከፍቱት ኤክስፕሎረር ያቀብለዋል፤ ሌላ ፕሮግራም ከከፈተው ደግሞ ያ ፕሮግራም የቆመበትን ይወርሳል። ስለዚህ «ያላሰብኩት ፎልደር ውስጥ ተከፈተብኝ» የሚል ሰው ኮምፒውተሩን ከመፎርማቱ በፊት «ማን ከፈተው?» ብሎ ይጠይቅ። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መልሱ ውስጥ አለ። (ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ብንጽፋቸውም ኪቦርዱ ላይ የሚመቱት በላቲን ፊደል ነው።)

የቆሙበትን ቦታ ለማወቅ ምንም መጻፍ እንደማያስፈልግስ? ብልጭ ድርግም ከሚለው ከርሰር በስተግራ ያለው ጽሑፍ ሙሉ አድራሻው ነው። መስኮቱ ያለ ልዩ ሥልጣን ከስታርት ሜኑ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዩዘርስ ከሚለው ሥር በእርስዎ ስም የተሰየመውን ፎልደር ነው። ይህን መስመር ሳያነቡ ኢንተር መምታት ዋጋ ያስከፍላል። «ዴል» በተባለችው ትእዛዝ የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ ጽፈው ሁሉንም እንዲያጠፋ ሲያዙት እርግጠኛ መሆንዎን ይጠይቃል፤ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ዶክ ጽፈው የወርድ ፋይሎችን እንዲያጠፋ ሲያዙት ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ያጠፋል። መለማመጃ ፎልደር ውስጥ ያሉ መስሎዎት የቆሙት የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤዎች ላይ ከሆነ፣ ደብዳቤዎቹ ሄዱ።

«ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለው የከፈቱት መስኮት ሲስተም32 የተባለው ፎልደር ላይ መቆሙ ብልሽት እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቫይረስ የገባ ይመስለዋል። ነገሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ቪስታ ከባድ ሥራ ሊሠራ ሲል ስክሪኑን አደብዝዞ ፈቃድ መጠየቅ ጀመረ። በዚህ መንገድ ከፍ ያለ ሥልጣን የተሰጠው ኮማንድ ፕሮምፕት ሾርትከቱ ላይ የተጻፈውን መነሻ ፎልደር ወደ ጎን ትቶ ሲስተም32 ላይ ይቆማል።

ጣጣው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። አንድ የአይቲ ባለሙያ የኔትወርኩን መረጃ «አይፒኮንፊግ» ብሎ፣ በ«ይበልጣል» ምልክት (>) ወደ ፋይል አዙሮ፣ ፋይሉን ሪፖርት ብሎ ሰየመው እንበል። ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ስሕተት የሚል መልእክትም የለም። ዴስክቶፕ ላይ ቢፈልግ ፋይሉ የለም፣ ዶክመንትስ ውስጥም የለም። ሪፖርቱ በሺዎች በሚቆጠሩ የዊንዶውስ ፋይሎች መካከል ሲስተም32 ውስጥ ተቀምጧል። መድኃኒቱ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት «ሲዲ» ብሎ ወደሚፈልጉት ፎልደር መሄድ ነው። ሁልጊዜ በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን መክፈት የግድ ከሆነብዎ ደግሞ የሾርትከቱ ፕሮፐርቲስ ላይ፣ ታርጌት በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ ከፕሮግራሙ ስም በኋላ «/ኬ ሲዲ /ዲ» ብለው የፎልደሩን አድራሻ ይጨምሩ። መስኮቱ እንደተከፈተ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ፣ ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ የ64 ቢት ፋይሎች ያሉት ሲስተም32 ውስጥ፣ የ32 ቢቶቹ ደግሞ ሲስዋው64 በተባለው ውስጥ ነው። የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ የድሮ ፕሮግራሞች የለመዱት አድራሻ እንዳይፈርስባቸው ተብሎ የተደረገ ነው።

«ሲዲ ዲ፡\ሥራ» ብለው ጽፈው ኢንተር ቢመቱም መስኮቱ ካለበት ንቅንቅ ሳይል የሚቀረው ለምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ይህ ጀማሪውን ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አልተሳካም የሚል መልእክት አይወጣም። እንዲያውም ትእዛዙ ተፈጽሟል! ኮማንድ ፕሮምፕት ለእያንዳንዱ ድራይቭ የተለየ «የቆምኩበት ቦታ» ይይዛል። ያ ትእዛዝ የዲ ድራይቩን ቦታ ቀይሮታል፤ እርስዎ ግን አሁንም ሲ ድራይቭ ላይ ነዎት። አሁን «ዲ» ብለው ሁለት ነጥብ ጨምረው ኢንተር ቢመቱ በቀጥታ ሥራ የተባለው ፎልደር ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማድረግ ከሲዲ በኋላ «/ዲ» ይጨምሩ። ይህ ልማድ ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ ዘመን የተወረሰ ነው። የዛሬው ዊንዶውስ ለአንድ ፕሮግራም የሚያውቀው አንድ የቆመበትን ፎልደር ብቻ ስለሆነ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት የየድራይቩን ማስታወሻ በተሸሸጉ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች ውስጥ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ዶስ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ አይችልም ነበር። ፍሎፒው ላይ ያለው ሁሉ አንድ ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ የተሳሳተ ፎልደር የሚባል ችግር አልነበረም። ፎልደርና ሲዲ አብረው የመጡት በ1983 በዶስ 2.0 ነው፤ የአይቢኤም ኤክስቲ ኮምፒውተር 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ይዞ በመጣበት ዓመት።

አድራሻው ውስጥ ያለችው ባክስላሽ ዩኒክስ በተባለው ሲስተም ካለችው ሰረዝ በተቃራኒ የምታዘምመው ደግሞ፣ ወደ ፊት ያዘመመችው ሰረዝ በዶስ ቀድሞውኑ ለትእዛዝ ማብራሪያ ተይዛ ስለነበር ነው። ከላይ ያየናት «/ዲ» በሰረዝ የምትጀምረው በዚያ ዘመን ልማድ ነው።

ሲዲ ራሷን የቻለች ፕሮግራም ሆና ብትጻፍ ፈጽሞ እንደማትሠራ ያውቁ ኖሯል? ይህን የተማሩት በቤል ላብስ ዩኒክስን የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ዴኒስ ሪቺ ስለ ዩኒክስ አመጣጥ በጻፈው ጽሑፍ ተርኮታል። ፒዲፒ-7 በተባለው ማሽን ላይ ፎልደር የምትቀይረው ትእዛዝ እንደማንኛውም ፕሮግራም ለብቻዋ የተቀመጠች ነበረች፤ ትሠራም ነበር። ከዚያ እያንዳንዱ ትእዛዝ በራሱ አዲስ ፕሮሰስ ውስጥ እንዲሠራ ተደረገ። ትልቅ እመርታ ነበር፤ ግን ወዲያው ፎልደር መቀየር አቆመ። ምክንያቱ ሲፈለግ ተገኘ። ትእዛዟ አዲስ በተወለደው ፕሮሰስ ውስጥ ገብታ የእርሱን ፎልደር ትቀይራለች፤ ያ ፕሮሰስ ሥራውን ጨርሶ ይሞታል፤ የወለደው ሼል፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም፣ ግን ከነበረበት አልተነሣም። ልጅ ከወላጁ ይወርሳል እንጂ ወላጅ ከልጁ አይወርስም። ስለዚህ ትእዛዟ የሼሉ የራሱ አካል ተደረገች። ዛሬም ዊንዶውስ ውስጥ ሲዲ የሚባል የፕሮግራም ፋይል ቢፈልጉ አያገኙም፤ ያለችው በኮማንድ ፕሮምፕቱ ሆድ ውስጥ ነው።

የሊኑክስ ተጠቃሚ ከሆኑ ስክሪፕትዎ ውስጥ የጻፏት ሲዲ ስክሪፕቱ ሲያልቅ እርስዎን የትም የማታደርስዎ በዚሁ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ባች ፋይሉ የሚሠራው እዚያው መስኮት ውስጥ ስለሆነ ሥራውን ሲጨርስ ሌላ ፎልደር ላይ ጥሎዎት ሊሄድ ይችላል። የፋይሉ መጀመሪያ ላይ «ሴትሎካል» ከተጻፈ ሲያልቅ ወደ ነበሩበት ይመልስዎታል።

ባች ፋይል ራሱ የተቀመጠበትን ፎልደር ማወቅ እንደሚችልስ? ፐርሰንት፣ ቲልድ፣ ዲ፣ ፒ፣ ዜሮ ተያይዘው ሲጻፉ «እኔ ያለሁበት ፎልደር» ማለት ናቸው። ከ«ሲዲ /ዲ» ቀጥሎ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገው የመጀመሪያው መስመር ላይ ካስቀመጧቸው ፋይሉን ማንም፣ ከየትም፣ በየትኛውም ሥልጣን ቢከፍተው ሥራውን የሚጀምረው ከራሱ ፎልደር ነው። ለሌላ ሰው ባች ፋይል የሚሰጥ ሁሉ ይህን መስመር ባይረሳት ምኞቴ ነው።

መስኮቱ ከየትም ቢከፈት ሁልጊዜ አንድ የማይፈልጉት ፎልደር ላይ እየቆመ ካስቸገረዎ ጥፋቱ ሬጅስትሪ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ኮማንድ ፕሮሰሰር በሚለው ክፍል «አውቶራን» የምትባል ቦታ አለች። እዚያ የተጻፈ ትእዛዝ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ይፈጸማል። አንድ ፕሮግራም ሲጫን፣ ወይም አንድ ሰው ሊያመቻች ብሎ፣ እዚህ ሲዲ ጽፎ ትቶት ይሆናል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አብረው ተጭነው «ሲኤምዲ /ዲ» ብለው ይክፈቱ። ይህች /ዲ አውቶራንን እንዲዘለው ታዘዋለች። አሁን በትክክለኛው ቦታ ከተከፈተ ጥፋተኛው ተገኘ። አውቶራን በሁለት ቦታ ሊጻፍ ስለሚችል፣ አንዱ ለእርስዎ ብቻ ሌላው ለኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ይዩ። እዚያ የተቀመጠች ሲዲ ሌሎች ፕሮግራሞች ከበስተጀርባ በሚከፍቷቸው የኮማንድ ፕሮምፕት ሥራዎች ውስጥም ስለምትገባ፣ መንስኤው የማይታወቅ ብልሽት ልታመጣ ትችላለች። በጭራሽ እንደ መፍትሔ አይጠቀሙባት።

በፋይል ኤክስፕሎረር የፈለጉትን ፎልደር ከፍተው፣ የአድራሻው ሣጥን ውስጥ «ሲኤምዲ» ጽፈው ኢንተር ቢመቱ መስኮቱ እዚያው ፎልደር ላይ እንደሚከፈት ያውቁ ኖሯል? በዚህ ጽሑፍ ካሉት ሁሉ አንድ ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ።

ዊንዶውስ 11 ላይ የሚከፈተው ጥቁር መስኮት ዊንዶውስ ተርሚናል የተባለው ሊሆን ይችላል። የእርሱ መነሻ ፎልደር የሚስተካከለው በራሱ ሴቲንግ ውስጥ፣ ስታርቲንግ ዳይሬክተሪ በሚለው ቦታ ነው።

ቢሮ ውስጥ መስኮቱ ኤች ወይም ሌላ ድራይቭ ላይ ከተከፈተብዎ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። የመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ ኃላፊ ለሠራተኛው የሰርቨር ላይ ፎልደር እንደ ቤቱ አድርጎ ሲመድብለት እንዲህ ይሆናል። የሰርቨር አድራሻ ላይ ደግሞ፣ ማለትም በሁለት ባክስላሽ በሚጀምረው ላይ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ሊቆም አይችልም፤ ከዚያ ሊከፍቱት ቢሞክሩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ዊንዶውስ ፎልደር ላይ ይቆማል። «ፑሽዲ» ብለው አድራሻውን ቢሰጡት ግን ከዜድ ጀምሮ ወደ ኋላ ነፃ ፊደል ፈልጎ ጊዜያዊ ድራይቭ ያደርግለታል፤ «ፖፕዲ» ሲሉት ያንን አፍርሶ ወደ ነበሩበት ይመልስዎታል።

በሰዓቱ ራሱ እንዲሠራ ታስክ ሼጁለር ላይ ያስቀመጡት ባች ፋይልም ቦታ ካልነገሩት ሲስተም32 ላይ ነው የሚነሣው። ስታርት ኢን የሚለውን ሣጥን ይሙሉ፤ አድራሻው ክፍት ቦታ ቢኖረውም የጥቅስ ምልክት አይጨምሩበት፤ ከጨመሩ ሥራው አይነሣም።

«ሲዲ ዴስክቶፕ» ብለው ገብተው ፋይሎችዎን ያጡት ዋንድራይቭ ዴስክቶፕዎን ወደ ራሱ ፎልደር ስላዛወረው ሊሆን እንደሚችልስ? በዓይንዎ የሚያዩት ዴስክቶፕ አሁን ያለው ዋንድራይቭ ከሚለው ፎልደር ሥር ነው፤ በድሮው አድራሻ ቢሄዱ ወይ ባዶ ፎልደር ያገኛሉ፣ ወይ አድራሻው የለም ይባላሉ።

ፍላሽዎ «ገና ሥራ ላይ ነው፣ አላወጣም» ሲልዎ ከበስተኋላ የተረሳ ጥቁር መስኮት ፍላሹ ውስጥ ቆሞ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? አንድም ፋይል ባይከፈት፣ አንድ ፕሮግራም የቆመበት ፎልደር እንደተያዘ ይቆጠራል። መስኮቱን ይዝጉት፣ ፍላሹ ይወጣል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት የፕሮግራም ስም ሲጻፍለት መጀመሪያ የሚፈልገው የቆመበት ፎልደር ውስጥ ነው። ከየመደብሩና ከየማተሚያ ቤቱ ዞሮ የመጣ ፍላሽ ውስጥ ቆመው የለመዱትን የፕሮግራም ስም ቢጽፉ፣ በዚያው ስም ፍላሹ ላይ የተቀመጠ ቫይረስ ሊነሣ ይችላል። ፓወርሼል ይህን አያደርግም፤ የቆመበት ፎልደር ውስጥ ያለውን እንዲያስነሣ ነጥብና ባክስላሽ አስቀድመው በግልጽ መንገር አለብዎት።

በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር ውስጥ የቆመ ኮማንድ ፕሮምፕት በፊደላችን ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ቢደረድርም አድራሻው ትክክል እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ዊንዶውስ የፋይል ስሞችን የሚያስቀምጠው በዩኒኮድ ነው፤ የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ዩኒኮድ 3.0 ጀምሮ እዚያ ውስጥ አለ። የጎደለው አሮጌው መስኮት የሚጠቀምበት ፎንት ነው፤ ፊደሉን ሲያጣ ከሌላ ፎንት አይዋስም። ዊንዶውስ ተርሚናል ግን ይዋሳል። አሮጌውን መስኮት የሚጠቀሙ ከሆነ «ሲዲ» ብለው ክፍት ቦታ ትተው የታብ ቁልፍን ደጋግመው ይጫኑ፤ ፎልደሮቹ ተራ በተራ ይመጣሉ። ሣጥኖቹን ቆጥረው የፈለጉት ላይ ሲደርሱ ኢንተር ይምቱ፤ ሳያነቡትም ይገባሉ።