የቆርቆሮ ሥጋና የወጥ ቤት መጽሐፍ
ዴሊያ ስሚዝ በእንግሊዝ አገር የታወቀች የምግብ ሥራ አስተማሪ ናት። ትምህርቷ በቴሌቪዥንም በመጽሐፍም ወጥቷል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 እንቁላል አቀቃቀልን እንኳ ሳትንቅ አስተምራለች።

በ2008 ያወጣችው መጽሐፍ ግን ሰውን አነጋገረ። ርእሱ «ምግብ ስንሠራ እንዴት እናጭበርብር» እንደ ማለት ነው። ድንች ልጦ፣ ቀቅሎ መፍጨት ይቅርና የተፈጨውን ከሱቅ ማቀዝቀዣ ግዙ አለች። የበጉንም ሥጋ ተፈጭቶ በቆርቆሮ የታሸገውን ግዙ አለች።

ቤታቸው የሚያበስሉ ሰዎች ተከራከሩ። አንዳንዶቹ፣ ከእሷ የምንፈልገው ሙያ ነው እንጂ አቋራጭ አይደለም ብለው ተቆጡ። ሌሎቹ ደግሞ፣ ውላ ደክሟት ለምትገባ እናት ይህ እፎይታ ነው አሉ። መጽሐፉንም ብዙ ሰው ገዛው።

እኛ የምናየው ሌላም ነገር አለ። የታሸገ ምግብ የሚገዛ ሰው የልጣዩን፣ የፈጪውን፣ የቆርቆሮውንም ዋጋ አብሮ ይከፍላል። ጨውስ? በቤት ድስት ጨው የምትጨምረው እጅ መጠኑን ታውቃለች። የቆርቆሮውን ጨው ለማወቅ ግን በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ፊደሉም ደቃቅ ነው።

ደግሞም ምክሩ አዲስ አልነበረም። በ1971 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ ርእሱ ይኸው ነበር። ያኔ ግን ስሟ ገና አልገነነም።